የቀለም ተምሳሌት ምንድን ነው? ለምናብ ዓለም ፍጡራን ቀለም ስትሰጡ

«በእነሱ ዓለም ቀይ ሰላም ነው፤ አረንጓዴ ቁጣ፤ ነጭ ሥልጣን።» የሌላ ፕላኔት ፍጡራን በሚታዩባቸው ልብ ወለዶች እንዲህ ያለ ዝርዝር እየተደረደረ «የቀለም ተምሳሌት» መባሉ በዝቷል። ይህ የራሳችንን ዝርዝር ወስዶ የቀኙን ረድፍ፣ ትርጉሞቹን፣ መበወዝ ነው፤ ፍጡራኑ ስድስት እጅ ቢኖራቸውም የሚያስቡት ልክ እንደኛው ነው።

የቀለም ተምሳሌት አንድ ማኅበረሰብ በአንድ ቀለም ላይ በጊዜ ብዛት ያጠራቀመው ትርጉም ነው። «ያጠራቀመው» የምትለዋን አትዝለሏት። የመጣበት መንገድ የማይታወቅለት ትርጉም በአዋጅ እንደተለጠፈ ምልክት ነው፤ ሌላ አዋጅ ሲወጣ ይነሣል፣ ማንም አያለቅስለትም።

ገንዘብን አስቡት። ወረቀቱ ዕቃ የሚገዛው አታሚ፣ ተቀባይና ገበያ ስላለው ነው። ለቀለም አታሚው ማቅለሚያው የሚገኝበት ነገር ነው። በጥንቱ የሜዲትራኒያን ዓለም ሐምራዊ የነገሥታት ቀለም የሆነው ከባሕር ቀንድ አውጣ በጭንቅ ስለሚወጣ ነው፤ ፖል ፍሪድሌንደር የተባለው ኬሚስት በ1909 ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው 1.4 ግራም ማቅለሚያ ብቻ ነበር። ሐሰተኛ ገንዘብም ነበረው፤ ከዕፅዋት የተቀመመ አስመሳይ ሐምራዊ። የዋጋ ግሽበትም አልቀረለትም፤ ዊልያም ፐርኪን በ1856 ሐምራዊ ማቅለሚያ በቤተ ሙከራ ከሠራ በኋላ ቀለሙ ቀስ በቀስ የማንም ልብስ ሆነ። ከገበያ ወጥቶ በሣጥን ሥር የሚቀመጥ ሳንቲምም አለ፤ ምክንያቱ ተረስቶ በሥርዓት ላይ ብቻ የሚወጣ ቀለም ማለት ነው። እናንተ በፈጠራችሁት ፕላኔት ላይ ቀለሙን የሚያትመው ማን ነው? አስመስሎ የሚሠራውስ? ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ቀለሙ ገና ትርጉም የለውም።

«ልብ ወለድ እኮ ነው፤ ማን ሊያጣራው?» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይመጣል። ማንም አያጣራውም፤ እውነት ነው። ግን ምክንያት የሌለውን ትርጉም ጸሐፊው ራሱ አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ይረሳዋል። ምክንያት ያለው ደግሞ ያልተጻፈውንም ይነግረዋል፤ ማን እንደሚከለከል፣ ማን እንደሚያጭበረብር፣ ምን እንደሚያጣላ።

ቀለሙ ትርጉም ከማግኘቱ በፊት ግን ብርሃንና ዓይን ይወሰኑ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሳይታረም አይታለፍ፤ ከፀሐይ ባነሰና በቀዘቀዘ ኮከብ፣ በቀይ ድንክ ኮከብ፣ ሥር ሁሉም ነገር ደም መስሎ አይታይም። 3,000 ኬልቪን የሚሞቅ ኮከብ ብርሃኑ ወደ ድሮው ባለ ሽቦ አምፖል የቀረበ ነው፤ እዚያ የኖረ ዓይን ደግሞ ይለምደውና ነጩን ነጭ ብሎ ያየዋል። የሚጎዳው ሰማያዊው ነው፤ ብርሃኑ ውስጥ ስለሚያንስ ጠቆር ይላል። የእኛ ዓይን ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ በግምት በ420፣ በ530 እና በ560 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ላይ ይበረታሉ። ንብም ሦስት አላት፤ ነገር ግን ለእኛ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች፣ ቀዩን አታይም። ስለዚህ ለንብ መሰል ፍጡራን «ቀዩ ባንዲራ» ብሎ መጻፍ ለእነሱ ጥቁር ባንዲራ መስጠት ነው።

አሁን አንድ ቀለም ከነትርጉሙ እንሥራ። የፍጡራኑ ደም እንደ ባሕር እንስሳው ኦክቶፐስ መዳብ ያለበት ይሁን፤ ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ፣ ሲያጣ ቀለም አልባ ለማለት የቀረበ። በደም ሥር ወደ ልብ ሲመለስ የነጣው ደም ፈስሶ አየር ሲነካው ይሰማየዋል። ስለዚህ በእነሱ ዘንድ ሰማያዊ «ከውስጥ ወጥቶ የታየ» ነው። ከዚህ አንድ ሥር ሁለት ትርጉም ይበቅላል፤ መሐላና ግድያ። ለአንድ ቀለም ቢያንስ ሁለት ትርጉም፣ ቢቻል የሚጋጩ፣ ይኑረው፤ የትኛው እንደታሰበ የሚለየው ቦታው ነው። በር ላይ ከሆነ መሐላ፣ መሬት ላይ ከሆነ ደም። ለመላው መጽሐፍ እንዲህ የተሠሩ ሦስት ወይም አራት ቀለሞች ይበቃሉ፤ አሥራ ሁለት ካደረጋችሁ አንባቢው አንዱንም አይዝም።

በሩን የሚቀቡት በምን ነው? በአዙራይት እንበል፤ እየተፈጨ ቀለም የሚሆን ሰማያዊ የመዳብ ማዕድን ነው። አፈጫጩ ራሱ ያስቸግራል፤ በጣም ከደቀቀ ሰማያዊነቱ ይገረጣል፣ ሻካራ ከሆነ ግድግዳ አይይዝም። በእርጥበት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ ማላካይት ሊለወጥ ይችላል፤ ማላካይት አረንጓዴ ነው። መሐላ የገባ ቤተሰብ በሩን በየጊዜው ካላደሰ ከታች፣ ዝናብ ከሚረጨው ጠርዝ ጀምሮ፣ ይወረዛል፣ ማለትም አረንጓዴ ይሆናል። «በራቸው ወርዝቷል» የሚለው አነጋገር መጀመሪያ ስንፍናን ብቻ ይናገር ነበር፤ እየቆየ ክሕደት ሆነ። አረንጓዴ ትርጉሙን ያገኘው እንዲህ ነው፤ ማንም ተቀምጦ «አረንጓዴ ክሕደት ይሁን» አላለም።

ቀጥሎ ርካሽ ሰማያዊ ይመጣል፤ የማይወርዝ፣ መታደስ የማይፈልግ። ሽማግሌዎቹ ሐሰተኛ መሐላ ይሉታል፤ ልጆቹ ደግሞ የማይጠፋ መሐላ። የዓይኑ ውሳኔ እዚህ ላይ ይመለሳል። ሁለት ቀለሞች ለሦስት ተቀባይ ዓይን አንድ ሆነው ሳለ የሚመልሱት የብርሃን ቅንብር የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ በቀለም ልኬት ሥራ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ፍጡራኑ እንደኛ ሦስት ተቀባይ ካላቸው ርካሹን የቀባ ሰው ጎረቤቱን ሊያታልል ይችላል፣ ታሪኩም የማጭበርበር ታሪክ ይሆናል። አራተኛ ተቀባይ ካላቸው ግን ልዩነቱ ከመንገድ ማዶ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሩን በርካሹ የቀባ ልጅ የአባቱን መሐላ በአደባባይ እየናቀ ነው።