«ፍጡራን የሥራቸው ወራሾች ናቸው»

ይህ የቡድሃ አባባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በተቸገረ ሰው ላይ ነው። የታመመውን ወይም የደኸየውን አይቶ «የእጁን ነው ያገኘው» ለማለት የሚቸኩል ሁሉ ካርማን፣ ማለትም የሰው ሥራ በዚህም ሆነ በሚቀጥለው ሕይወት ፍሬውን ያስከትላል የሚለውን ትምህርት፣ ለፍርዱ ምስክር ይጠራል። አባባሉ በሰፊው በተብራራበት ንግግር ግን የተነገረው ለድሃ ሳይሆን ለሀብታም ልጅ ነበር።

ልጁ ሱባ ይባላል፤ ቶዴያ የተባለ ባለጸጋ ብራህማን (ከሕንድ የካህናት ወገን የሆነ ሰው) ልጅ ነው። በሰሜን ሕንድ፣ በሳቫቲ ከተማ አጠገብ በነበረው የጄታ ደን ወደ ቡድሃ ቀርቦ ጠየቀ። ሁሉም ሰው ሆኖ ሳለ አንዱ በአጭር ይቀጫል፣ ሌላው ዕድሜ ይጠግባል፤ አንዱ በሽተኛ ነው፣ ሌላው ጤነኛ፤ አንዱ ድሃ ነው፣ ሌላው ሀብታም። መልክን፣ ተሰሚነትን፣ የዘር ደረጃንና ማስተዋልን ጨምሮ ሰባት ልዩነቶችን ዘርዝሮ ምክንያቱን ፈለገ። ማጂማ ኒካያ በሚባለው፣ ፓሊ በተባለ ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ በተጻፈው የቡድሃ ንግግሮች ስብስብ 135ኛው ንግግር መልሱን እንዲህ አስፍሮታል፦ ፍጡራን የሥራቸው ባለቤቶችና ወራሾች ናቸው፤ ከሥራቸው ይወለዳሉ፣ ዘመዳቸውም መጠጊያቸውም ሥራቸው ነው፤ ዝቅና ከፍ አድርጎ የሚለያቸውም እርሱ ነው።

የአባቱን ሀብት ለወረሰ ወጣት «ወራሽ ነህ፤ የምትወርሰው ግን ሥራህን ነው» ማለት ቀላል ንግግር አይደለም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የተጻፈው ቡድሃጎሳ የተባለ መነኩሴ ሊቅ ማብራሪያ ነገሩን በታሪክ ያጠነክረዋል። ቶዴያ እጁ የማይፈታ ንፉግ ነበር። ሞቶ በገዛ ቤቱ ውሻ ሆኖ ተወለደ። ሱባም ሳያውቅ ምግቡን እያካፈለ፣ ባማረ አልጋ ላይ እያስተኛ አሳደገው። ቡድሃ ለምጽዋት ሲመጣ ውሻው ጮኸበት፤ ቡድሃም በስሙ «ቶዴያ» ብሎ ሲጠራው አፍሮ ከምድጃው አመድ ላይ ተኛ። ሱባ፣ አባቱ በሰማይ እንደሚኖር ያምን ነበርና ተቆጣ። ቡድሃ ግን ውሻውን የወተት ገንፎ አብልቶ፣ እንቅልፍ ሲጫጫነው የተደበቀውን ወርቅ በጆሮው እንዲጠይቀው ነገረው። ውሻውም ቦታውን ቆፍሮ አሳየው። የሱባ ጥያቄዎች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው ይላል ማብራሪያው።

ሱባ አጭሩ መልስ ስላልገባው ቡድሃ ይዘረዝርለታል። ሕይወት ማጥፋት ወደ አጭር ዕድሜ፣ ፍጡርን በእጅም በዱላም ማሠቃየት ወደ በሽታ፣ ቁጣ ወደ መልከ ጥፉነት፣ ምቀኝነት ወደ ተሰሚነት ማጣት፣ ንፍገት ወደ ድህነት፣ ትዕቢት ወደ ዝቅተኛ ትውልድ ይወስዳል። የመጨረሻው ይበልጥ ያስደንቀኛል፦ መልካሙና ክፉው ምን እንደሆነ ጠቢባንን አለመጠየቅ ወደ ድንቁርና ይወስዳል። የበሽተኛውንና የድሃውን ሁኔታ ከቀድሞ ሕይወት ጋር ማያያዙ ለዛሬ አንባቢ መራራ ነው፤ ማለስለስም አያስፈልግም። ነገር ግን ቡድሃ ከእያንዳንዱ በኋላ «መንገዱ ይህ ነው» ይላል። መንገድ የሚነገረው ገና ለሚጓዝ ነው። እዚያ ለደረሰው፣ በአልጋ ላይ ለተኛው በሽተኛ፣ በንግግሩ ውስጥ አንድም የወቀሳ ቃል አልተሰነዘረበትም።

ለፈራጆች የማይመች ሌላም ንግግር አለ። ሲቫካ የተባለ ባሕታዊ፣ ሰው የሚሰማው ደስታና ሥቃይ ሁሉ ካለፈ ሥራው የመጣ ነው የሚሉ መምህራን ስላሉ ምን ትላለህ ብሎ ቡድሃን ጠየቀው። ቡድሃም እነዚያ ሰዎች ተሳስተዋል አለ፤ በጥንቱ ሕክምና አቆጣጠር የሥቃይ ምክንያቶችን ሲዘረዝርም ሐሞት አለ፣ አክታ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የሦስቱ መደባለቅ አለ፣ የወቅት መለዋወጥ አለ፣ ራስን አለመጠበቅ አለ፣ ድብደባም አለ። የሥራ ፍሬ ስምንተኛ ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ ጎረቤቱ ጉንፋን ሲይዘው የቀድሞ ሕይወቱን የሚመረምር ሰው ሰባት ምክንያቶችን ዘልሎ ነው። በሌላ ንግግር ደግሞ ቡድሃ የካርማን ፍሬ በአሳብ ተመራምሮ ለመድረስ የሚታገል ሰው ለእብደትና ለጭንቀት እንደሚዳረግ ያስጠነቅቃል።