ባሊስቲክ ፍሰት ማለት ሬዚስታንስ የሌለው ፍሰት አይደለም

በመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን በክፍል ሙቀት በአማካይ 40 ናኖሜትር ያህል ተጉዞ ይጋጫል። መተላለፊያው ከዚህ ርቀት ካጠረ ሳይጋጭ ሊያልፍ ይችላል፤ ባሊስቲክ ፍሰት የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ ግጭት ከሌለ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታው ተቃውሞ፣ ዜሮ መሆን አልነበረበትም? ብዙዎችን የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮን የሞገድ ባሕርይ ስላለው በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚሄደው በተቆጠሩ መስመሮች ብቻ ነው። ከሰፊው ብረት የሚመጡት እልፍ ኤሌክትሮኖች ወደ እነዚህ ጥቂት መስመሮች ለመግባት ይጨናነቃሉ፤ ሬዚስታንሱ የሚፈጠረው እዚያው መግቢያው ላይ ነው። አንድ መስመር ሲከፈት 12,906 ኦም ገደማ፣ ሁለት ሲከፈቱ ግማሹ ይሆናል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ ይህን ቁጥር የሚወስኑት የፕላንክ ቋሚ ቁጥር (የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር) እና የኤሌክትሮን ቻርጅ ብቻ መሆናቸው ነው፤ መተላለፊያው ከምን እንደተሠራ ለውጥ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረጉ ሙከራዎች መተላለፊያው ሲሰፋ ፍሰቱ እንደ ደረጃ በእኩል እርከን ከፍ ሲል ታይቷል።