«የተማረ ይደግፋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሰሞን ሲደርስ አንድ ወሬ ይደጋገማል፦ ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች ፅንስ ማቋረጥ በሕግ እንዲፈቀድ ይበልጥ ይደግፋሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዲግሪ አመለካከት ይቀይራል ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

የተባለው ዝምድና ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው ይታያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣው አልተባለም። ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ፤ ሁለቱም ማስተርስ አላቸው። አንዷ እሁድ በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም፤ ሌላዋ ደጁን ረግጣ አታውቅም። እኔ መልሳቸውን ገምት ብባል ስለ ዲግሪያቸው ሳይሆን እሁድን እንዴት እንደሚያሳልፉ ነበር የምጠይቀው።

ደግሞ አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። ጄኔራል ሶሻል ሰርቬይ የሚባለው ጥናት ከ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምክንያቱን እየለዋወጠ ይጠይቃል። የእናትየዋ ጤና ክፉኛ አደጋ ላይ ቢወድቅስ? ተደፍራ ቢሆንስ? ድሃ ብትሆንስ? ባለትዳር ሆና ሌላ ልጅ ባትፈልግስ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የተማረውም ያልተማረውም በብዛት «ይፈቀድ» ይላል። ክፍተቱ የሚሰፋው ወደ ኋለኞቹ ሲመጣ ነው።

ፒው የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ ፅንስ ማቋረጥ ይፈቀድ የሚሉት አሜሪካውያን 63 ከመቶ ናቸው የሚለው ቁጥርም እንዲሁ ጠጋ ብለው ሲያዩት ሁለት መልስ ነው፦ «ሁልጊዜ ይፈቀድ» እና «አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድ» ያሉት ተደምረው።