ሆት ፕላግ ምንድን ነው? ሰርቨሩ ሳይጠፋ ካርድ መንቀል

የአንድ ባንክ ሰርቨር ነው እንበል። የሥራ ሰዓት ነው። ከሁለቱ የኔትወርክ ካርዶች አንዱ ተበላሸ። ሌላው ሥራውን ይዞ ቀጥሏል፤ ደንበኛው ምንም አላወቀም። አዲሱ ካርድ እጃችሁ ላይ ነው። ሰርቨሩን ካጠፋችሁት ግን ቅርንጫፎቹ ሁሉ ሥራ ያቆማሉ። ታዲያ ካርዱን ሰርቨሩ እየሠራ መንቀል ይቻላል?

አንዳንድ ሰርቨር ላይ ይቻላል። አሠራሩ ሆት ፕላግ ይባላል፤ ሆት ስዋፕ የሚሉትም አሉ። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። "ሆት" ሲባል ኤሌክትሪክ ያለበትን ካርድ መዥረጥ አድርጎ ማውጣት ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ሰርቨሩ በርቷል፤ ካርዱ የተሰካበት ስሎት ግን እጃችሁ ከመድረሱ በፊት ጠፍቷል። ይህችን ነገር የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል።

ለምን ዝም ብሎ አይነቀልም? ዛሬ ካርድ የሚሰካበት ስሎት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፤ ለካርዱ 12 ቮልትና 3.3 ቮልት ይሰጣል። ትልቁ ስሎት እስከ 75 ዋት ያቀርባል። ካርዱ ሲወጣ ትንሽ ካዘነበለ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ ማለትም የብረት መገናኛዎቹ፣ ከማይገባቸው ጋር ሊነካኩ ይችላሉ። ያኔ ካርዱ ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርዱም ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ በዓይን አይታይም። ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሳይጠብቅ በቀጥታ ከሜሞሪ ያነባል፣ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩም፣ ካርዱ አለ ብሎ ያናግረዋል። ካርዱ በድንገት ከተነቀለ ጥያቄው መላሽ ያጣል። ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ሁሉም ቢቱ 1 የሆነ ቁጥር ነው። ይህን ያላሰበ ድራይቨር እውነተኛ መልስ መስሎት ይሠራበታል። አንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ከባድ የሃርድዌር ስህተት ነው ብሎ እዚያው ቀጥ ይላል።

ከፒሲአይ ኤክስፕረስ በፊት በነበረው በድሮው ፒሲአይ ጊዜ ነገሩ ይብስ ነበር። ብዙ ስሎቶች አንድ መስመር ይጋሩ ስለነበር፣ አንዱን መንቀል የሌሎቹንም ሥራ ያውካል። ስለዚህ ሆት ፕላግ ባለው ሰርቨር ላይ ለእያንዳንዱ ስሎት ፓወሩንና መስመሩን ለብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማዘርቦርዱ ላይ ይገባ ነበር። በዚህ ሥራ ፊት ከቀደሙት አንዱ ኮምፒውተር ሠሪው ኮምፓክ ነው። የፒሲአይ ሆት ፕላግ የመጀመሪያው መስፈርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ እያንዳንዱ ስሎት የራሱ መስመር ስላለው ሥራው ቀለለ።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ካላችሁ ጠርዙን ተመልከቱት። ካርዱ መኖሩን ለስሎቱ የሚናገሩት ጥርሶች ከሌሎቹ አጠር ያሉ ናቸው። ሲሰካ መጨረሻ ይነካሉ፣ ሲነቀል መጀመሪያ ይላቀቃሉ። ሰርቨሩ "ካርዱ እየወጣ ነው" የሚለውን ሌሎቹ ገና ሳይለያዩ ያውቃል። ግን ይህ የድንገት መከላከያ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ከስሎቱ ሳይሆን ከሥራው ነው። ካርዱ የያዘው ሥራ ወደ ሌላ መዛወሩን አረጋግጡ። ኔትወርክ ከሆነ ሁለተኛው ካርድ በርግጥ ትራፊኩን እየተሸከመ ነው? ዲስክ የሚያገናኝ ካርድ ከሆነ ወደ ዲስኩ ሌላ መንገድ አለ? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተነሳበት ዲስክ በዚያ ካርድ ብቻ የሚደረስ ከሆነ፣ ሆት ፕላግ አያድናችሁም።

ከዚያ ስሎቱን መለየት ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው የስሎት ቁጥርና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለካርዱ የሚሰጠው አድራሻ አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ደህናውን ካርድ ይነቅላል። ለዚህ ሲባል ሆት ፕላግ ያለው ስሎት ብዙ ጊዜ ቢጫ መብራት ይኖረዋል። ከሶፍትዌሩ ሆናችሁ ብልጭ ድርግም እንዲል ታዙታላችሁ፤ የትኛው ስሎት እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ማጥፋቱ በሶፍትዌር ወይም ስሎቱ አጠገብ ባለ ቁልፍ ይሆናል። ቁልፉን አንዴ ስትጫኑት ስሎቱ ላይ ፓወር መኖሩን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ 5 ሰከንድ አላችሁ፤ ደግማችሁ ስትጫኑት ይሰረዛል። ካልተሰረዘ ድራይቨሩ ካርዱን ይለቃል፣ ፓወሩም ይቆረጣል። አረንጓዴው በርቶ ከቆመ አትንኩ። ብልጭ ድርግም ካለ ጠብቁ። ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ኬብሉን አላቅቁ፣ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከለው የእጅ አንጓ ማሰሪያችሁ እንዳለ ሆኖ ካርዱን ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ። ካርድን ከሲስተሙ ማስወጣት በሁለት መንገድ ይቻላል። በካርዱ ማውጫ ውስጥ "ሪሙቭ" የሚባል ፋይል አለ። 1 ስትጽፉበት ካርዱ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ብዙዎች ይህን አይተው አለቀ ይላሉ። አላለቀም! ሊኑክስ ካርዱን ረሳው እንጂ ስሎቱ ላይ ፓወር ሊኖር ይችላል። ፓወሩን የሚቆርጠው በስሎቱ ማውጫ ውስጥ ያለው "ፓወር" የሚባለው ፋይል ነው፤ 0 ይጻፍበታል። ያ የስሎት ማውጫ ከነጭራሹ ከሌለ፣ ሊኑክስ ያንን ስሎት ማጥፋት አይችልም ማለት ነው። ያኔ እጃችሁን ሰብስቡ።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ በብዛት የምናያቸው ሰርቨሮች ለካርድ ሆት ፕላግ የላቸውም። ዲስካቸው፣ ፓወር ሰፕላያቸው፣ ብዙ ጊዜም ፋናቸው እየሠሩ ይቀየራሉ። ካርዱ ግን አይቀየርም። በዴልና በአይቢኤም ሰርቨሮች ላይ ሳይጠፋ የሚነቀል ዕቃ መያዣው የሸክላ ቀለም አለው። ሰማያዊ ከሆነ ግን እዚህ ጋ ያዙ ማለት ነው እንጂ ሳይጠፋ ይነቀላል ማለት አይደለም። ከቀለሙም በላይ የዚያን ሞዴል ማኑዋል እመኑ።

ማኑዋሉ ሆት ፕላግ የለም ካለ ሰርቨሩን አጥፉ፣ ከዚያም ሁለቱንም የፓወር ኬብሎች ከኋላ ንቀሉ። ኬብሉ እስካለ ድረስ የጠፋ ሰርቨርም ስሎቶቹ ላይ ትንሽ 3.3 ቮልት ሊተው ይችላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ጠብቃችሁ ነው ካርዱን የምትነኩት።