«ፕራይም ስለሌለኝ ነው ዕቃዬን የሚያዘገዩት?»

ጥያቄው ስለተደጋገመ አሜሪካ ላላችሁ ላስረዳ። የኦንላይን መደብሩ የአማዞን ክፍያ ያለው አባልነት ፕራይም ይባላል። አባሉ የሚከፍለው በዋናነት ለቅድሚያ ነው፤ አባል ላልሆነ ሰው የሚሰጠው ነጻው ማድረሻ ወረፋ ይጠብቃል።

ሰኞ የ40 ዶላር ዳይፐር አዘዛችሁ እንበል። «እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ይደርሳል» ተባላችሁ። መከታተያውን ስትከፍቱ እስከ ዓርብ «ገና አልተላከም» ይላል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና የለም፤ ዕቃው ከመጋዘን ራሱ አልወጣም። ያናድዳል፣ በተለይ ልጅ ላለው ሰው። ግን በዚህ ብቻ ሕግ ተጣሰ አይባልም።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጩ ቃል በገባው ጊዜ፣ ጊዜ ካልጠቀሰ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲልክ ያስገድዳል። ካልቻለ ሊያሳውቃችሁ፣ ትዕዛዙን ሰርዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን የመውሰድ ምርጫም ሊሰጣችሁ ይገባል። የሚለካው በገባው ቃል እንጂ በፍጥነቱ አይደለም።

የማድረሻው ፍጥነት የሚለያየው እንደ መጋዘኑ፣ እንደ ሻጩና እንደ ሰፈሩ ነው። መክፈልም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፦ በ2024 መጨረሻ የዋሽንግተን ዲሲ ዐቃቤ ሕግ አማዞንን የከሰሰው፣ በዚፕ ኮድ 20019 እና 20020 የሚኖሩ የፕራይም ከፋዮችን ሳይነግራቸው ከፈጣኑ አገልግሎት አስወጥቷል ብሎ ነው።

ስታዝዙ የተባለላችሁን ቀን ስክሪንሾት አንሱት።