ሁሉ ነገር «ኔትወርክ ነው» አይደለም፦ ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር አልወርድ ሲል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጠቀም ደንበኛ እየበዛ ነው፤ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመጡት ተማሪዎች ብቻ ብዙ ናቸው። ሶፍትዌር አልወርድ ሲላቸው ግን ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኔትወርክ ነው»። መስማቱ ሰልችቶኛል። ሰው ኔትወርክ ይስተካከላል ብሎ ቀናት ሲጠብቅና በካርድ ላይ ካርድ ሲሞላ ማየት ያበሳጫል።

ኔትወርክ ሲሆን እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል። «ቴምፖራሪ ፌይለር ሪዞልቪንግ» ወይም «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ካለ፣ አዎ፣ ኔትወርካችሁን እዩ። «404 ኖት ፋውንድ» ካለ ግን ኔትወርኩ ሠርቷል! ጥያቄያችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፤ ሰርቨሩም «ይህ ፋይል እኔ ጋ የለም» ብሎ መልሷል። እዚህ ላይ ካርድ መሙላት ምን ሊፈይድ ነው?

ፋይሉ የሚታጣው ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ስለሚያረጅ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር የሚያወርደውና የሚጭነው አፕት የሚባል ፕሮግራም ነው፤ የፓኬጆችን (ለመጫን የተዘጋጁ የሶፍትዌር ፋይሎችን) ዝርዝር እናንተው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ከቆየ እዚያ የተጻፈው ቨርዥን ከሰርቨሩ ላይ ተነስቶ በአዲስ ተተክቷል። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» (sudo apt update) ብላችሁ ጻፉና ደግማችሁ ሞክሩ። እሱም 404 ካለ የኡቡንቱ ቨርዥናችሁን ዕድሜ ተመልከቱ። ለምሳሌ 23.10 የወጣው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 ነው፤ ድጋፉ ጁላይ 2024 ላይ አብቅቶ ፋይሎቹ ወደ አሮጌ ቨርዥኖች ሰርቨር ተዛውረዋል። እንዲህ ያሉት መሃል ላይ የሚወጡ ቨርዥኖች ዕድሜያቸው 9 ወር ብቻ ነው። እንደ 22.04 እና 24.04 ያሉት፣ በየሁለት ዓመቱ የሚወጡት ኤልቲኤስ የሚባሉት ግን 5 ዓመት ይደገፋሉ። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ኢንተርኔት እንደልብ ካልሆነላችሁ ከኤልቲኤስ አትውጡ።

ሌላው ምክንያት የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት መሳሳት ነው። «ሰዓቱ ቢሳሳት ምን ያመጣል?» የሚሉኝም አሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም እኛ አገር የሚፈጠርበት የራሱ መንገድ አለው። ያረጀ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል። ባለቤቱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አውቶማቲክ ያጠፋና በእጁ ይሞላል። በምን አቆጣጠር? በእኛ!

ከሐይቅ የመጡ አንድ መምህር እንዲሁ ነበር ያደረጉት። 24.04 ጭነው ዓመቱን 2017፣ ሰዓቱን ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ስለነበር 3 ብለው ሞልተዋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2017 ነው። 24.04 የወጣው በ2024 ስለሆነ፣ ለእሱ የሰርቨሩ ፋይሎች ገና ካልመጣ ዘመን የተላኩ ናቸው። ስለዚህ «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ ዬት» ይልና አልቀበልም ይላል። ብሮውዘሩም ብዙ ድረ ገጾችን አልከፍትም ብሏቸው ነበር፤ የደህንነት ሰርተፍኬታቸው «አልተጀመረም» እያለ። መምህሩ ሲም ቀይረዋል፣ ዋይፋይ ቀይረዋል፤ ቀኑን ግን ያየ ሰው የለም። ዓመቱንና ሰዓቱን እንዳስተካከልን ሁሉም ወረደ።

ዓመቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በስድስት ሲዘገይ ደግሞ የባሰ ያደናግራል። የቆዩት ፋይሎች ያልፋሉ፤ በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የወጡት ብቻ ይመለሳሉ። ሰውም ግማሹ ወርዶ ግማሹ ሲቀር «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለው ጋ ገብታችሁ አውቶማቲኩን አብሩ፤ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉ። ባትሪዋንም ቀይሩ፤ አብዛኛው ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት። የእኛን ቀን ስልካችሁ ላይ እዩት።

«መብራት ከጠፋ ከዜሮ ይጀምራል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ አፕት በግማሽ የቀረውን ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል። መብራቱ የሄደው ወርዶ አልቆ ሲጫን ከሆነ ተርሚናሉ ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» (sudo dpkg --configure -a) ብላችሁ ጻፉ።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ሲል የሎክ ፋይሉን (ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ እንዳይጭን የሚቆልፈውን) አጥፉት የሚል ምክርም ይዞራል። ተዉ! ብዙ ጊዜ ኡቡንቱ ከጀርባ ራሱን እያዘመነ ነው፤ እስኪጨርስ ታገሡት። መሃል ላይ ፋይሉን ካጠፋችሁት ሁለት ሥራ ተጋጭቶ የፓኬጁ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል።

«ፎርማት ይደረግ» ለሚሉ፦ ከላይ ካነሳኋቸው አንዱም ፎርማት አይፈልግም። በ404 ምክንያት ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያውም ባክአፕ ሳይያዝ። እኔ ጋ ስትመጡም ሆነ ጓደኛችሁን ስትጠይቁ «አልወርድ አለኝ» ብቻ አትበሉ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሳዩ።