በአሜሪካ ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማግሥት፦ ሽንፈትን መቀበል፣ ወገንተኝነትና ጨዋነት

የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ እንዴት እንደሚመረጥና ምን ብሎ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ይደነግጋል፤ የተሸነፈው ዕጩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አንዲት ቃል አይናገርም። ሽንፈትን በይፋ ማመን፣ ለአሸናፊው የደስታ መግለጫ መላክ፣ በበዓለ ሲመቱ ላይ መገኘትና የተቆጡ ደጋፊዎችን ማረጋጋት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ እየተገነባ፣ አንዳንዴም እየተናደ የመጣ ልማድ እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ዘወትር ይምታታሉ፤ አንደኛው ውጤቱን መቀበል ሲሆን ሌላው በትሕትና መናገር ነው። በአሜሪካ የምርጫ ታሪክ ውስጥ እየተሰዳደቡ ሥልጣን የተረካከቡ አሉ፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ሲያበቁ ውጤቱን ለዓመታት ያልተቀበሉም አሉ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ የሚሰጠው በኖቬምበር ወር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ ነው። አሸናፊው ብዙውን ጊዜ በዚያው ሌሊት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመገናኛ ብዙኃን ትንበያ ይታወቃል፤ በሕግ ዓይን ግን ጉዳዩ የሚያልቀው የየግዛቱ ወኪል መራጮች (ፕሬዚዳንቱን በግዛታቸው ስም የሚመርጡ ሰዎች) በዲሴምበር ድምፃቸውን ሰጥተው ኮንግረስ በጃንዋሪ 6 ከቆጠረው በኋላ ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን የሚረከበው በጃንዋሪ 20 ነው። ይህ ቀን የተወሰነው በ1933 በጸደቀው 20ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ርክክቡ የሚፈጸመው በማርች 4 ስለነበረ አሸናፊው እያለ ተሰናባቹ የሚገዛበት ጊዜ አራት ወር ይደርስ ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1860 ተመርጦ ሥልጣን እስኪረከብ ድረስ ሰባት የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ መገንጠላቸውን ያወጁት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የሊንከን ተፎካካሪ የነበረው የሰሜኑ ዴሞክራት ስቴፈን ዳግላስ በበኩሉ ከምርጫው በኋላ ኅብረቱን ደግፎ ከሊንከን ጎን ቆሟል።

የፓርቲ ለፓርቲ ርክክብ የተጀመረው በ1800ው ምርጫ ነው፤ ጅምሩም ያማረ አልነበረም። ፌዴራሊስቱ ጆን አዳምስ ተሸነፈ፤ ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩዎች የሆኑት አሸናፊዎቹ ቶማስ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ ስላገኙ የተወካዮች ምክር ቤት ጄፈርሰንን የመረጠው ለ36ኛ ጊዜ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1801 ነበር። አዳምስ በበዓለ ሲመቱ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ሠረገላ ተሳፍሮ ከዋሽንግተን ወጣ። ጄፈርሰን ባደረገው ንግግር «ሁላችንም ሪፐብሊካኖች ነን፤ ሁላችንም ፌዴራሊስቶች ነን» በማለት የተሸናፊውን ወገን ለማባበል ሞከረ። ሁለቱ ሰዎች እንደገና መጻጻፍ የጀመሩት ከ11 ዓመት በኋላ በ1812 ሲሆን፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በጁላይ 4 ቀን 1826 ሞቱ። የአዳምስ አወጣጥ በሥነ ምግባር ሚዛን ሲታይ የሚያስመሰግን አይደለም፤ ግን ወታደር አላዘዘም፣ ቁልፉንም አልያዘም፤ ለኋላው ዘመን የተረፈው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መጣ። በ1824 አንድሩ ጃክሰን ከአራት ዕጩዎች ብልጫ ያለውን 99 የወኪል መራጮች ድምፅ ቢያገኝም ግማሹን አላለፈም፤ በመሆኑም የተወካዮች ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1825 ሁለተኛ የወጣውን ጆን ኩዊንሲ አዳምስን መረጠ። በዚያው ምሽት በዋይት ሐውስ በተደረገ ግብዣ ላይ ተሸናፊውና አሸናፊው ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ጃክሰን በቀኝ ክንዱ አንዲት ወይዘሮ ይዞ ስለነበር ግራ እጁን ዘርግቶ አዳምስን በፈገግታ ሰላም አለው። ያዩት ሁሉ ጨዋነቱን አደነቁ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን በምክር ቤቱ ውስጥ ለአዳምስ የቀሰቀሰው ሄንሪ ክሌይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን የጃክሰን ጎራ ነገሩን «ብልሹ ድርድር» ብሎ ሰየመው፤ አራቱን ዓመታትም መንግሥቱ የተሰረቀ ነው በሚል ክስ አሳለፋቸው። የግብዣው ፈገግታ ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ። ጃክሰን በ1828 ሲያሸንፍ ደግሞ አዳምስ በተራው ከበዓለ ሲመቱ ቀረ።

በጨዋነት ስም የተከፈለውን ዋጋ በግልጽ የሚያሳየው የ1876ቱ ምርጫ ነው። ዴሞክራቱ ሳሙኤል ቲልደን በሕዝብ ድምፅ በሩብ ሚሊዮን ገደማ ሲመራ ከወኪል መራጮች 184 ድምፅ ይዞ ለማሸነፍ አንድ ብቻ ጎደለው። በዋናነት ከፍሎሪዳ፣ ከሉዊዚያናና ከሳውዝ ካሮላይና የመጡ 20 ድምፆች አከራካሪ ሆኑ፤ በእነዚህ የደቡብ ግዛቶች ማጭበርበሩም፣ ጥቁር መራጮችን በጦር መሣሪያ ማስፈራራቱም ነበር። ኮንግረስ ያቋቋመው 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን በፓርቲ መስመር ተከፍሎ በ8 ለ7 ሁሉንም ለሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ ሰጠ፤ ውጤቱም 185 ለ184 ሆነ። የቲልደን ደጋፊዎች «ቲልደን ወይም ደም» እያሉ ቢፎክሩም ቲልደን ለጦርነት አልተነሳም። ጥንቃቄው ግን ቀላል አልነበረም፤ ማርች 4 እሑድ ላይ በመዋሉ ሄይስ ቀድሞ ቅዳሜ ምሽት በዋይት ሐውስ ውስጥ በምስጢር ቃለ መሐላ ፈጸመ። ደቡባዊ ዴሞክራቶች ነገሩን የተዉት ግን በነጻ አልነበረም፤ ሄይስ ሥልጣን እንደያዘ በደቡብ የቀሩትን ሪፐብሊካን መንግሥታት ይጠብቁ የነበሩ ወታደሮች ወደየሰፈራቸው እንዲመለሱ አደረገ፤ ከባርነት የወጡት ጥቁር ዜጎችም ለመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ያለ ጠባቂ ቀሩ። በዋሽንግተን ሁለቱ ፓርቲዎች ታረቁ የተባለበት ዓመት ለሌላው ወገን የመብት መግፈፊያ ዘመን መግቢያ ነበር። ከምርጫ በኋላ የሚሰማው «እንረጋጋ፣ እንታረቅ» የሚለው ጥሪ በአንዳንዶች ዘንድ በጥርጣሬ የሚታየው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የሚታረቀው ማን ከማን ጋር እንደሆነና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዛሬ የሚታወቀው ሽንፈትን የማመን ሥርዓት ቅርጽ የያዘው በ1896 ነው። ዴሞክራቱ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ምርጫው በተደረገ በሁለተኛው ቀን ለዊልያም ማኪንሊ ቴሌግራም ልኮ እንኳን ደስ አለዎት አለ፤ ጉዳዩን ለአሜሪካ ሕዝብ ማቅረባቸውንና የሕዝቡ ፈቃድ ሕግ መሆኑንም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ቴክኖሎጂውን እየተከተለ ሄደ። በ1928 አል ስሚዝ በሬዲዮ፣ በ1952 አድሌይ ስቲቨንሰን በቴሌቪዥን ሽንፈታቸውን አመኑ። ስቲቨንሰን ከሊንከን የተወረሰ ጨዋታ ጠቅሶ፣ ጣቱን ዕንቅፋት እንደመታው ልጅ ለማልቀስ ዕድሜዬ አይፈቅድም፣ ለመሳቅ ደግሞ ያመኛል አለ። የመልእክቱ ተቀባይ በዚህ መንገድ ተለወጠ፤ ቴሌግራሙ ለአሸናፊው ይጻፍ ነበር፣ የቴሌቪዥኑ ንግግር ግን በዋናነት ለተሸናፊው ደጋፊዎች የሚደረግ ነው።

ይህ ለውጥ በጉልህ የታየው በኖቬምበር 4 ቀን 2008 ምሽት በአሪዞና ፊኒክስ ነው። ጆን ማኬይን በሆቴል ቅጥር ግቢ ለተሰበሰቡ ደጋፊዎቹ ባራክ ኦባማን ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለዎት ማለቱን ሲናገር ሕዝቡ በጩኸት ተቃወመ። ማኬይን ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዝም እንዲሉ ለመናቸው፤ ቀጥሎም ምርጫው ለጥቁር አሜሪካውያን ያለውን ልዩ ትርጉም እንደሚረዳ ገልጾ፣ ሽንፈቱ የእርሱ እንጂ የእነርሱ አለመሆኑን ነገራቸው። የዚያ ምሽት ከባዱ ሥራ ተቀናቃኝን ማመስገን ሳይሆን የራስን ሰው ጩኸት ፊት ለፊት መግታት ነበር።

ሌላው ፈተና የገዛ ሽንፈትን ቆጥሮ ማወጅ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ የሴኔት ሰብሳቢ በመሆኑ የኮንግረሱን ቆጠራ ይመራል፤ ራሱ ዕጩ ሆኖ የተሸነፈ ከሆነም ያው ነው። ሪቻርድ ኒክሰን በ1961 የጆን ኬኔዲን ማሸነፍ ያወጀው እንዲህ ነው፤ በሕዝብ ድምፅ ያላቸው ልዩነት ከ120,000 በታች ነበር። አል ጎርን በ2001 የጠበቀው ዕጣ ደግሞ ከዚያም የመረረ ነው። በመላ አገሪቱ ከ500,000 በላይ የሕዝብ ድምፅ ብልጫ ነበረው፤ በፍሎሪዳ ግን በ537 ድምፅ ተቀደመ። በምርጫው ሌሊት ለጆርጅ ቡሽ ደውሎ ሽንፈቱን ካመነ በኋላ ሰዓታት ሳይቆይ እንደገና ደውሎ ቃሉን አነሳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 12 ቀን 2000 በ5 ለ4 ድምፅ ዳግም ቆጠራውን ሲያስቆም ጎር በማግሥቱ ወጥቶ በውሳኔው አጥብቆ እንደማይስማማ፣ ግን እንደሚቀበለው ተናገረ። በጃንዋሪ ቆጠራ ላይም የራሱ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ያነሷቸውን ተቃውሞዎች የሴኔተር ፊርማ የላቸውም እያለ አንድ በአንድ ውድቅ አደረጋቸው። ያው ርክክብ የበታች ሠራተኞች ተንኮልም አልጠፋበትም፤ ከዋይት ሐውስ የወጡ አንዳንዶች ከኮምፒውተር ኪቦርዶች ላይ የቡሽ መለያ የሆነውን «ደብልዩ» ፊደል ነቅለው ሄደው ነበር፤ የመንግሥት ኦዲተሮች ጉዳዩን አጣርተው አጠቃላይ ጉዳቱን ከ13,000 እስከ 14,000 ዶላር ገምተውታል።

የተራው ደጋፊ ስሜት ከመሪዎቹ ሥርዓት ይለያል። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳረጋገጡት፣ ፓርቲው ያሸነፈለት ሰው በዴሞክራሲውና በቆጠራው ታማኝነት ላይ ያለው እምነት ሲጨምር የተሸነፈበት ሰው እምነት ይቀንሳል፤ ፓርቲዎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ስሜቱም አብሮ ይገለበጣል። ስለ ኢኮኖሚው የሚሰጡት አስተያየትም እንዲሁ ነው፤ ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሳይረከብ፣ አንድም ፖሊሲ ሳይለወጥ፣ የሪፐብሊካኖች አመለካከት በድንገት ብሩህ፣ የዴሞክራቶቹ ደግሞ ጨለምተኛ ሆኗል። ጥላቻው ወደ ቤት ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ሌላ መለኪያ አለ። በ1960 ልጃቸው የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር እንደሚላቸው የተናገሩት ከሃያ ሰው አንድ ያህል ነበሩ፤ በ2010 በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን ከሪፐብሊካኖች ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶች ሲሶው እንዲህ ብለዋል።

በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ብልጫ አግኝተው በወኪል መራጮች 304 ለ227 ተሸነፉ። በማግሥቱ በኒው ዮርክ ባደረጉት ንግግር ዶናልድ ትራምፕ አገሪቱን የመምራት ዕድል ሊሰጣቸው እንደሚገባ ተናገሩ፤ በየከተማው ግን «የእኔ ፕሬዚዳንት አይደለም» የሚሉ ሰልፎች ተካሄዱ፣ ከ60 በላይ ዴሞክራት የምክር ቤት አባላትም ከበዓለ ሲመቱ ቀሩ። ተቃዋሚዎቹ ጨዋነት ይጎድላቸዋል ተብለው ሲወቀሱ፣ ሰልፍ በሕግ የተፈቀደ መብት ነው የሚል መልስ ሰጡ። በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ መፈክሩ ፕሬዚዳንቱን ክብር የሚነሳ ቢሆንም የሰልፉ መኖር ብቻውን ቆጠራውን አላስቆመም፣ ርክክቡንም አላዘገየም።

በ2020 የሆነው ዓይነቱ የተለየ ነው። ጆ ባይደን 306 ለ232 ሲያሸንፉ ትራምፕ ምርጫው ተሰርቋል በማለት ሽንፈቱን አላመኑም፤ እርሳቸውና አጋሮቻቸው ያቀረቧቸው ከ60 በላይ ክሶችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደቁ። የሽግግር ሥራው በይፋ እንዲጀመር የሚፈቅደው የመንግሥት ደብዳቤ እስከ ኖቬምበር 23 ዘገየ። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ደጋፊዎቻቸው የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን ጥሰው በመግባት ቆጠራውን ለሰዓታት አቋረጡ፤ ቆጠራው የተጠናቀቀው በማግሥቱ ንጋት ነው። ትራምፕም ከ1869 ወዲህ በተተኪው በዓለ ሲመት ላይ ላለመገኘት የወሰኑ የመጀመሪያው ተሰናባች ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለባይደን ግን በጠረጴዛው ውስጥ ደብዳቤ ትተው ሄደዋል፤ ሮናልድ ሬገን በ1989 የጀመሩት ይህ ልማድ ሳይቋረጥ መቀጠሉ፣ ከምርጫ በኋላ ያለው ጨዋነት የቱ ላይ እንደሚጠብቅና የቱ ላይ እንደሚላላ ለመገመት አስቸጋሪ መሆኑን ያሳያል።

ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ ያጸደቀው ሕግ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚና የሥርዓት ብቻ መሆኑን ደንግጎ፣ ተቃውሞ ለማቅረብ በእያንዳንዱ ምክር ቤት የአንድ አምስተኛ አባላትን ፊርማ ግድ አደረገ። በ2024 ካማላ ሃሪስ 312 ለ226 ተሸንፈው በማግሥቱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሽንፈታቸውን አመኑ፤ ባይደን ከአንድ ሳምንት በኋላ ትራምፕን በዋይት ሐውስ ተቀበሉ፤ ሃሪስም የገዛ ሽንፈታቸውን በጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ያለ አንዳች ተቃውሞ ቆጥረው አወጁ። በጃንዋሪ 20 ብርዱ ስለከፋ በዓለ ሲመቱ ወደ ካፒቶል አዳራሽ ውስጥ ሲዛወር የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ቢል ክሊንተን፣ ቡሽና ኦባማ እንዲሁም ተሰናባቹ ባይደን ተገኝተው ነበር። በዚያው ዕለት ትራምፕ በ2021ዱ የካፒቶል ጥቃት ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው 1,500 ያህል ሰዎች ምሕረት አደረጉ፤ ደጋፊዎቻቸው ውሳኔውን ከመጠን ያለፈ ክስ ማረሚያ ሲሉት፣ ተቃዋሚዎቻቸው የምርጫን ውጤት በኃይል ለመቀልበስ ለሚነሳ ሰው የተሰጠ ፈቃድ አድርገው ወሰዱት።